ከኮላ በፊት

በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ምሽት፣ ጎሮ በተዘጋጀው የእራት ግብዣ ላይ የቀረበ ንግግር



የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች ይህን ንግግር በጽሑፍ እንድሰጣቸው የነገሩኝ ከአንድ ወር በፊት ነው። ያስረከብኳቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለ ቀነ ገደብ እንዲያወራላችሁ የጋበዛችሁት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ሰልጣኞቼ ቢሰሙ ከእናንተ ይበልጥ ይስቁ ነበር።

ከማስተምርበት ወርክሾፕ እዚህ አዳራሽ ድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመጣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉትን የእንጨትና የብረታ ብረት ቤቶች እያየሁ ነው የመጣሁት። ጎሮን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በር፣ መስኮት፣ ቁምሳጥን፣ የኪችን ካቢኔት፣ አልጋ፣ ሁሉም አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ወጥቶ ይደረደራል። ቅዳሜ ማታ ስለሆነ ብዙዎቹ ገና አልዘጉም። አንደኛው ቤት በር ላይ አንዲት ሴትዮ፣ “ለዛሬ አልነበር እንዴ ያልከኝ?” ይላሉ። ልጁ ደግሞ፣ “ቫርኒሹ አልደረቀም እኮ እትዬ፤ ሰኞ ጠዋት በእርግጠኝነት” ይላል። ልጁን አውቀዋለሁ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ እሱ ነው፤ ስለ ራሴም ነው። አንድን ወጣት በቀኑ የሚያደርስ ባለሙያ እንዲሆን እያስተማርክ፣ የሚያደርሰው ዕቃ ደግሞ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ አራት እግሩ እኩል መሬት ነክቶ እንዲቆም ማለቴ ነው፣ እንዴት ነው የምታስተምረው? ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አሁንም በየሴሚስተሩ እንደ አዲስ ያስጨንቀኛል።

ነገሩ ከናዝሬት ይጀምራል። ቤታችን በ1993 እ.ኤ.አ. ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተከፈተ፤ ኋላ ለቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚያወጣ ኮሌጅ ሆነ፤ ግንቦት 1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ 2003 ላይ ደግሞ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚለው ተጨመረበት። ታናናሾቻችን አስቱ ይሉታል፤ የእኛ ባች እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የሚለው። እዚያ ብዙ ተምረናል። ማሽን፣ ስዕል ማንበብ፣ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት። ዕቅዱ ላይ “የተመደበ ሰዓት” የምትል ሳጥን ነበረች፤ ትዝ ትላችኋለች? ቁጥር እንሞላባታለን። ያ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ እናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን ከአጠገቤ ከተቀመጠው ልጅ ነበር የምገለብጠው። እሱ ከየት እንደሚያመጣው ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ እዚህ አለ፤ እራት ላይ እጠይቀዋለሁ።

አሁን አንድ የማልኮራበትን ታሪክ ልንገራችሁ።

ማስተማር በጀመርኩ በአምስተኛው ዓመት፣ ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አርባ ሁለት ዴስክ እንድንሠራ ትእዛዝ መጣ። ለሰልጣኞች ልምምድ ይሆናል፣ ለወርክሾፑም ገቢ ነው ተብሎ ደስ አለን። ማስረከቢያው መስከረም ሁለተኛው ሳምንት። ጣውላው የደረሰን ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ባህር ዛፍ ነው፤ እርጥብ ነው። ስትቆርጡት መጋዙ ላይ እርጥበቱ ይቀራል። እንግዲህ ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳን ጣውላ ካልሲም እንደማይደርቅ ታውቃላችሁ። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጣውላ ከጥላ ሥር አየር እንዲያገኝ ተደርጎ ተደርድሮ እስኪደርቅ እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋል የሚባለውን እኔ ራሴ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። የቤት ዕቃ የሚሠራበት እንጨት እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ አካባቢ መውረድ አለበት ብዬም አስተምሬያለሁ፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ። ከዚያ ሐምሌ አንድ ቀን እርጥቡን ጣውላ አሳይቼ፣ “በሉ እንጀምር፣ ቀኑ አጭር ነው” አልኳቸው።

ልጆቹ ቅዳሜና እሁድ ሳይቀር ሠሩ። ቀኑ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት ሰልጣኝ መጥታ፣ “ቲቸር፣ የአግዳሚው ምላስ ቀዳዳው ውስጥ ይወዛወዛል፤ እንደገና ልሥራው?” አለችኝ። እኔም፣ “ኮላውን አብዢበት፤ ቀኑ ደርሷል” አልኳት።

ዴስኮቹ በቀናቸው ደረሱ። ቫርኒሻቸው ያበራ ነበር። ተመሰገንን፤ ፎቶ ተነሳን። እስከ ኅዳር ማንም ምንም አላለም። ከዚያ በጋው ገባ፣ ደረቁ ነፋስ መጣ፣ እንጨቱም ውሃውን እየተፋ መሸሽ ጀመረ። ጥር ላይ ርዕሰ መምህሯ ደወሉልኝ። “መምህር፣ ልጆቹ ዴስኩን ፈረስ አድርገውታል፤ እየጋለቡ ነው የሚማሩት” አሉኝ፤ መጀመሪያ እየሳቁ። ቀጥለው ግን አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጣቷ በተከፈተው መጋጠሚያ መሃል ገብቶ እንደተቆነጠጠ ነገሩኝ። ያኔ አልሳቁም።

በአይሱዙ ጭነን መለስናቸው። አብዛኞቹ የሠሩት ልጆች ጨርሰው ወጥተዋል። ያቺ ልጅ ግን ለቀጣዩ ደረጃ ተመዝግባ ስለነበር አለች። አንዱን ዴስክ ገልብጣ ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አየች። “ቲቸር፣ ይሄ የኔ ነው” አለችኝ። ትንሽ ቆየችና፣ “ነግሬዎት ነበር” አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮላ ክፍተት አይሞላም። ነጩ ኮላ የሚይዘው እንጨትና እንጨት ተጠጋግተው ሲገጥሙ ነው፤ ክፍተት ውስጥ ብቻውን የቀረው ኮላ ውሃው ሲተን ይሸሻል፣ ባዶውን ይቀራል። ደግሞም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል በሞርሳ ተጠብቆ መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬው ላይ የሚደርስው በ24 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን እንደዚያ አልኳት? ብዙ ሳስበው ያገኘሁት ይህን ነው፦ ቀን ሲያጥር የምንቀንሰው የማይታየውን ነው። የማድረቂያውን ቀን እንቀንሳለን፣ የሞርሳውን ሰዓት እንቀንሳለን፣ ደግሞ መለካቱን እንተዋለን። ቫርኒሹን ግን ማንም አይቀንስም፤ ይታያላ! ሰልጣኙም ከእኔ የተማረው ይህንኑ ነው። ቃል በቃል አልነገርኩትም፤ ግን ሰኔ ላይ ምን እንደምዘል አይቶ ተማረው።

ለምን ሁልጊዜ ሰኔ ላይ እንደምንታፈን በዚህ ሙያ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ላስረዳ። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። በጀቱ ተለቅቆ፣ ፍላጎት ተሰብስቦ፣ ፕሮፎርማ ወይም ጨረታ ወጥቶ፣ ጣውላውና ኮምፐርሳቶው ወርክሾፕ በር ላይ እስኪራገፍ ሚያዝያና ግንቦት ይሆናል። እስከዚያ ሰልጣኙ ስዕል ይስላል፣ ስለ ፒያላ ኖት ይጽፋል። ከዚያ በስድስት ሳምንት ውስጥ የዓመቱን ተግባር ሁሉ ይሠራል። ያንኑ ሰሞን የብቃት ምዘናው ይመጣል፤ ሲኦሲ የምንለው። ጥድፊያው ከልጁ ስንፍና የመጣ ይመስለናል እንጂ ግማሹ ከዕቃ ግዢው ነው የሚመጣው።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ስልጠናውን በውጤት ላይ የተመሠረተ አደረገው። ዋናው ጥያቄ ሰውየው ስንት ወር ተቀመጠ ሳይሆን ምን መሥራት ይችላል ነው፤ የትም ይማረው የት። የምዘናውም ውጤት “ብቁ” ወይም “ገና ብቁ ያልሆነ” ነው። “ገና” የምትለዋን ቃል በጣም እወዳታለሁ። ወደቀ አትልም፤ ይመጣል ትላለች። ችግሩ የምዝገባ ክፍሉ ካላንደር “ገና” የሚባል ወር የለውም። አንዱ ልጅ መሮ መያዝ በሁለት ሳምንት ይለምዳል፤ ሌላው በሁለት ወር፤ ሁለቱም ግን የሚወጡት በአንድ ቀን ነው። አሰልጣኙ በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው የሚኖረው።

ከዚያ ዴስክ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄድኩ። ቀን የሚባል ነገር ተውኩ። “ጥሩ እስኪሆን ሥሩ” አልኳቸው። ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዱ ልጅ በርጩማ ሲሠራ ሦስት ሳምንት ካርታ ቤትራ ይዞ ሲያሻሽ ከረመ። የመቀመጫውን ሥር፣ ማንም የማያየውን በኩል፣ እንደ መስተዋት አደረገው። እግሮቹ ግን ገና አልተቆረጡም። መጀመሪያ ጥንቃቄ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ልጁ ቀዳዳ መብሳቱን ፈርቶ ነው፤ ማሻሸት አያስፈራም፣ አይበላሽም። ጥፋቱም የእሱ አልነበረም። ጥሩ ማለት ምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ስለዚህ ማለቂያ አልነበረውም።

በዚህ መሃል ነው ከጎሮ ቤቶች ጋር በደንብ የተዋወቅሁት። ለትብብር ስልጠና ልጆችን የምንልከው ወደ እነሱ ነው። ይህ አካባቢ ሥራ አያጣም። በ1990ዎቹ ማብቂያ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር፣ ገርጂ ላይ በሙከራ የተሠሩት ከዚህ ሩቅ አይደሉም፤ በርና መስኮቱን፣ ብሎኬቱን እንዲያመርቱ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። እኛ ካስተማርናቸውም የመጀመሪያ ገንዘባቸውን እዚያ ያገኙ አሉ። ቁጥሩ ትልቅ፣ ቀኑ አጭር። ቁልፍ የተረከበ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው ማን እንደነበር ታስታውሳላችሁ፦ አናጢ! ኋላ ሰሚት ተሠራ፣ ቦሌ አራብሳ ተሠራ፤ ለቁምሳጥንና ለኪችን ካቢኔት ሰው ወደ ጎሮ ይመጣል።

ከእነዚህ ቤቶች የአንዱ ባለቤት፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ አርባ ዓመት በእንጨት ላይ ያሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሻይ ጋብዘውኝ፣ “መምህር፣ ልጆችህ እጃቸው ጥሩ ነው። ግን አንዱን ‘ይሄ ስንት ቀን ይፈጅብሃል?’ ብለው ‘እንዳሉኝ’ አለኝ” አሉኝ። “እንዳሉኝ ምን ማለት ነው? ቀኑን የሚያውቀው እንጨቱን የያዘው ነው እንጂ እኔ ነኝ?”

ይህ ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እውነታቸውን ነው። ለልጆቹ ቀን ሰጥተናቸዋል እንጂ ቀን መቁጠር አላስተማርናቸውም። ቀን ለእነሱ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ነገር ነው፤ ወይ ትደርሳለህ ወይ ትመታለህ።

ጋሼም ቢሆኑ ቀናቸው ንጹሕ አልነበረም። “ታዲያ እርስዎስ ለምን ማክሰኞ ብለው ሐሙስ ይሰጣሉ?” ብላቸው ሳቁና ስለ ቀብድ አጫወቱኝ። ደንበኛው ግማሹን ቀብድ ይሰጣል። በዚያ ብር የሚገዛው የእሱ ጣውላ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ቀብድ የከፈለው ሰውዬ ጣውላ ነው። ምክንያቱም የሰውየው ብር ደግሞ ከእሱ በፊት ለነበረችው ወይዘሮ ዕቃ ውሏል። እንዲህ እየተሳሳበ ይሄዳል። “ሰው አናጢ ዋሾ ነው ይላል” አሉኝ፤ “መነሻ ገንዘብ የለኝም ብዬ ብነግረው ማን ያዘኛል?” ይህን የሚያስተምር ሞጁል አላየሁም። ልጁ ግን ተመርቆ ወጥቶ በመጀመሪያው ወር የሚገጥመው ይኸው ነው።

ይቅርታ አድርጉልኝና ለአፍታ ከጎሮ ወጣ ልበል። ይህን ጭንቀት እኛ አይደለንም የጀመርነው። በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሞስኮ ውስጥ ቪክቶር ዴላ ቮስ የሚባል የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኃላፊ ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወርክሾፕ ትምህርትን በመልመጃ ከፋፈለው፤ ተማሪው ወንበር አይሠራም፣ ጠረጴዛ አይሠራም፤ መጋጠሚያ ብቻ በተራ በተራ ይሠራል፣ ለእያንዳንዱም ጊዜ አለው። በ1876 ፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ አሳዩት፤ አሜሪካኖቹ ወደዱት፣ ወሰዱት። በዚያው ዘመን ስዊድን ውስጥ ኦቶ ሳሎሞን ነስ በሚባል ቦታ በሌላ መንገድ ያስተምር ነበር። ስሎይድ ይሉታል። እዚያ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠቅም ትንሽ ዕቃ ይሠራል፤ ማንኪያ፣ የመጥረቢያ እጀታ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ያኛው በደንብ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ቀድሞ ፊንላንድ ውስጥ ኡኖ ሲግኔውስ የእጅ ሥራን በ1866 በሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ አስገብቶት ነበር። በእኛም አገር የሁለቱ አገሮች እጅ አለበት፤ ባህር ዳር ፖሊቴክኒክ በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተው በሶቪየቶች እርዳታ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ ደግሞ በ1954 ኢትዮ ስዊድን ተብሎ ነው የተጀመረው።

ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። መጋጠሚያ ብቻ ሲሠሩ ልጆቹ ይሰለቻሉ፤ የሠሩት ሁሉ የጀበና ቡና ለምታፈላልን ልጅ ማገዶ ይሆናል፣ ማገዶ እንደሚሆን ያወቁት ዕቃ ላይ ደግሞ ማን ይጠነቀቃል። የሳሎሞን መንገድ ልቤን ይወስደዋል፤ ግን ለሃያ ስምንት ልጅና ለስድስት ሞርሳ የተሠራ አይደለም።

አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ። ትልቅ ነገር አይደለም።

ግዢውን አንጠብቅም። ጥቅምት ላይ ከጋሼና ከጎረቤቶቻቸው ቁርጥራጭ ጣውላ እንለምናለን። ለእነሱ ቦታ የሚያጣብብ ነው፤ ለእኛ የሦስት ወር መልመጃ ነው። የደረቀም ነው። ሁለት መጋጠሚያ ይለማመዳሉ፤ ከዚያ ወዲያው በርጩማ። በርጩማ ትንሽ ናት፤ ግን የዴስኩ ኃጢአት ሁሉ በእሷ ላይ ይታያል።

ከመጀመራቸው በፊት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ከመቀመጫው ሥር በእርሳስ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ የፈጀውን ከጎኑ ይጽፋሉ። መጀመሪያ አካባቢ ስድስት ሰዓት ያለው አስራ አራት ይሆንበታል። አልቀጣም፤ አልቆጣም፤ ልዩነቱን ብቻ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደርጋለሁ። በሦስተኛው ዕቃ ላይ ቁጥሮቹ መቀራረብ ይጀምራሉ። “እንዳሉኝ” የሚለው መልስ የሚጠፋው ያኔ ነው።

ጥሩ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ በሦስት ነገር ወሰንኩት። ጥግ ለጥግ ሲለካ ልዩነቱ ከ2 ሚሊ አይበልጥም። ደልዳላ ቦታ ላይ ሲቀመጥ አይወዛወዝም። መጋጠሚያው ውስጥ ወረቀት አይገባም። ከዚህ በላይ የሚያሻሽ ሰው በራሱ ሰዓት ያሻሽ። ያ የካርታ ቤትራው ልጅ ይህን ያኔ ቢያገኝ ኖሮ በሦስት ቀን ይጨርስ ነበር።

ዋናው ግን ኮላው ነው። የኮላው ጣሳ የእኔ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ዕቃው ያለ ኮላ በደረቁ ይገጠማል፤ ሌላ ሰልጣኝ፣ ጓደኛው ያልሆነ፣ በአንድ እግሩ አንጠልጥሎ ይነቀንቀዋል፣ ይለካዋል፣ ከዚያ ከሥሩ ስሙን ይፈርማል። ሳይፈረም ኮላ የለም። ከኮላ በፊት የተገኘ ስህተት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከኮላ በኋላ የተገኘው ለማገዶ ነው፤ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ የተገኘው የአንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጣት ነው። ስለዚህ እውነተኛው ቀነ ገደብ ለእኔ የማስረከቢያው ቀን መሆኑ ቀርቷል፤ በደረቁ የሚገጠምበት ቀን ነው። እሱ ካለፈ እቆጣለሁ። ሙሉ ነጥብ የማነሳውም እዚያ ላይ ነው።

ቀኑ ቢያጥርስ? ያጥራል። ያኔ ዕቃውን እናሳንሳለን። መሳቢያ የነበረው ጠረጴዛ ያለ መሳቢያ ይወጣል። ሦስት መደርደሪያ የታሰበለት በሁለት ይወጣል። ልጆቹ ይህን መጀመሪያ እንደ ውርደት ያዩታል፤ መሳቢያ ያለው የሚወዛወዝ ጠረጴዛ መሳቢያ ከሌለው ከሚቆመው ይሻላል ብለው ይከራከሩኛል። ያኔ ከአርባ ሁለቱ አንዱን ዴስክ አመጣና አስቀምጣቸዋለሁ። አንዱን አልጠገንኩትም፤ ወርክሾፑ ጥግ አለ።

ግንቦት 2011 መብራት በፈረቃ የሆነ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ማሽኖቹ ቆሙ፤ ዓመቱ አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ፈረቃውን ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ መብራት ባለበት ቀን የማሽኑን፣ በሌለበት ቀን የእጁን ሥራ አደረግን። ፒያላ ገፉ፣ በእጅ መጋዝ ቆረጡ። እጃቸው ተላጠ፤ ማማረርም ነበር። ግን ሥራን ከፋፍሎ በቀን ላይ መደልደልን ከእኔ ትምህርት ይልቅ ከዚያ ፈረቃ ሳይማሩት አልቀሩም።

ይህን ሳወራ አንድ ባልደረባዬ፣ እዚህ መሃል ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ነው፣ ሁልጊዜ የሚለኝን ልንገራችሁ። “ይህ ሁሉ ለበርጩማ? ደንበኛ ‘ገና’ አይልም፣ ኮንትራክተር ‘ገና’ አይልም። የአንተ ልጆች ሦስት ዕቃ ሠርተው ይወጣሉ፤ የእኔዎቹ ስምንት።” እውነት አለው። ባለፈው ዓመት ለምዘና ካቀረብኳቸው አስራ ስምንት ልጆች ሁለቱ ሥራውን በሰዓቱ አልጨረሱም። የሠሩት ድረስ ጥሩ ነበር፤ ግን አላለቀም። አንደኛው ከልክ በላይ ትልቅ ዕቃ በእጁ ነክቶ ስለማያውቅ ደንግጦ ነው። ያ ጥፋት የእኔ ነው፤ ዘንድሮ ከበርጩማው ቀጥሎ አንድ ትልቅ ዕቃ ለአራት ሆነው እንዲሠሩ አድርጌያለሁ። ይህም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከአራቱ አንዱ ሁልጊዜ መጥረጊያ ይዞ የአምስቱን ማዎች ማጽዳት ብቻ ይመርጣል። ካይዘን የሰለጠናችሁ ታውቁታላችሁ።

ከመካከላችሁ ድርጅት ያላችሁ፣ ኮንትራክተር የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ልጆቻችንን ለትብብር ስልጠና ስትቀበሉ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሥራ ስትሰጧቸው መጀመሪያ “ስንት ቀን ይፈጅብሃል?” በሏቸው። ከዚያ ያለውን ቀን ስጡት። ቢሳሳትም ስጡት። ሳምንት ያለው ሥራ አስር ቀን ቢፈጅበት የሚከስረው ትንሽ ነው፤ እኛ ጋ በእርሳስ የሚጽፈው ቁጥር እናንተ ጋ ነው እውነት የሚሆነው። የሚሸሸጋችሁ ወጪ ካለም የቀብዱን ነገር ሳትደብቁ አሳዩት።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልጅ ልመለስና ላብቃ። ሴትዮዋ እያጉረመረሙ ከሄዱ በኋላ ገባሁ። “ቫርኒሹ እውነት አልደረቀም?” አልኩት። ሳቀ፣ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። የቁምሳጥኑ በር ገና ሞርሳ ውስጥ ነው፤ ቫርኒሽ የሚባል ነገር አልነካውም። ትናንት በደረቁ ሲገጥመው ጥግ ለጥግ 5 ሚሊ አግኝቶበት ፈትቶ እንደገና ሠርቶታል፤ ኮላ የገባበት ዛሬ ጠዋት ነው። ከሥሩ በእርሳስ የጎረቤቱ ልጅ ፈርሞበታል።

“ታዲያ ለምን ቫርኒሽ አልካቸው?”

“ቲቸር፣ ስለ ኮላ ብነግራቸው አይሰሙኝም። ቫርኒሽ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል።”

“ቀብዱን ስትቀበል ለምን ከመጀመሪያው ሰኞ አላልካቸውም?”

“ቅዳሜ ካላልኩ እኮ ጎረቤት ጋ ነው የሚሄዱት” አለኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሰዓቱም ሄዶብኝ ነበር፤ መጣሁ።